«ቀለሙ ቅርጹን ሸፍኖታል» ላለኝ ባለሙያ ምን ልመልስ?

ሰማያዊ_ገበታ (ቨርጂኒያ)

ሰላም ለሁላችሁም። ምክር ፈልጌ ነው። በቶርኖ የሠራኋቸውን ሁለት ባለቀለም የእንጨት ሥራዎች፣ ክበባችን ጋብዞት ለመጣ አንድ ነባር ባለሙያ አሳይቼ ነበር። ሰውየው ጨዋ ነው። እያንዳንዱን ዕቃ አንስቶ፣ ገልብጦ፣ ታቹን በጣቱ ዳስሶ ነው አስተያየት የሚሰጠው። «ሐሳብ ካለህ ጻፍልኝ» ብሎ አድራሻውንም ሰጥቶኛል። ስለዚህ የምጽፍለት መልስ የታሰበበት እንዲሆን እፈልጋለሁ።

አንደኛው ሥራ ከሞገዳማ ሜፕል የተሠራ፣ ወርዱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገበታ ነው። ውጪው በዳይ (ወደ እንጨቱ በሚሰርግ ማቅለሚያ) የተቀለመ ነው፤ እግሩ ላይ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ይጀምርና ወደ ከንፈሩ እየሳሳ አረንጓዴ ይሆናል። በላዩ አንጸባራቂ ላከር አለበት፤ ውስጡ ግን ምንም ቀለም የለውም። ሁለተኛው አፈ ጠባብ ማሰሮ ነው። እሱን እንዳለ በጄሶ ሸፍኜ ቀይ ቀባሁትና በቀዩ ላይ ቢጫና ጥቁር መስመር ሣልኩበት። በልቤ የነበረው የድሮ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን የቀለም አሰላለፍ ነው።

ስለ ገበታው፦ ቀለሙ ቅርጹን ሸፍኖታል፣ ከሆዱ ወደ እግሩ የሚወርደው መስመር አንድ ወጥ አይደለም፣ እግሩም ሰፍቷል አለኝ። ስለ ማሰሮው፦ እንጨቱ የማይታይ ከሆነ ለምን ከእንጨት ተሠራ፣ ከሸክላ ብትሠራውስ አለኝ። በመጨረሻም ሰማያዊው በጥቂት ዓመት ውስጥ ይለቃል ብሎ አስጠነቀቀኝ።

የማሰሮው አስተያየት ከነከነኝ። መልስ እንዳለኝ ይሰማኛል፤ ግን ስጽፈው ሁሉ ራስን መከላከል ይመስላል። እናንተ ብትሆኑ ከየት ትጀምራላችሁ?

ወንዛ_ቤት (አዲስ አበባ)

ወንድሜ፣ እጅህን ያበርታው። እኔ ከሰውየው ጋር ነኝ። ወንዛ በቶርኖ ስሠራ የመጨረሻው የብርጭቆ ወረቀት አልፎ ዘይት ሲነካው የሚወጣውን ወርቃማ ቡናማ የትኛው ቀለም ይተካዋል? ወይራውስ? ዛፉ ስንት ዘመን ያቆየውን መስመር በሰማያዊ መሸፈን ይከብደኛል።

ይህ የእኔ ብቻ ሐሳብ አይደለም። ጄምስ ፕሬስቲኒ በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቺካጎ ላይ የሠራቸው ስስ ገበታዎች ኒውዮርክ ዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም የገቡት አንዳች ጌጥ ሳይኖራቸው በቅርጻቸውና በእንጨታቸው ነው። ካሊፎርኒያ በርክሊ የነበረው ቦብ ስቶክስዴልም ዕድሜውን በሙሉ የሠራው እንደዚያው ነበር፦ ጥሩ እንጨት፣ ጥሩ መስመር፣ በቃ። ጀማሪ የተሰነጣጠቀና የተነጨ ገጽ ሲያጋጥመው ቀለም ያለብሰዋል። ሐያሲዎች ቀለም ሲያዩ የሚጠራጠሩትም ለዚህ ነው።

እትዬ_ሜፕል (ሲያትል)

ሰማያዊ ገበታ፣ መልስ ከመጻፍህ በፊት የተባልከውን ለያየው። የተነገረህ ሁሉ አንድ ዓይነት ንግግር አይደለም። የገበታው መስመር አንድ ወጥ አይደለም ማለት በዓይንና በመለኪያ የሚረጋገጥ ነገር ነው። ሰማያዊው ይለቃል ማለትም ፀሐይ ላይ የሚፈተን ነገር ነው። «እንጨቱ ካልታየ ለምን እንጨት» የሚለው ግን በሙያው ውስጥ ሰዎች ለዘመናት የተከራከሩበት አቋም ነው። ለሚለካው ነገር በክርክር ከመለስክ የትም አትደርስም። አቋሙን ደግሞ እንደ ፍርድ ተቀብለህ ዝም ካልክ ሥራህን ያለ ጠበቃ ትተወዋለህ።

በገበታው እንጀምር። መስኮት ፊት አስቀምጠው፣ ብርሃኑ ከኋላው ይምጣ። ስልክህን ከገበታው ወገብ ትክክል ዝቅ አድርግና ራቅ ብለህ አንሳው፤ ተጠግተህ ካነሳኸው ሌንሱ ሆዱን ያሳብጠዋል። ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጠው፣ ከዚያ ገልብጠህ እየው። ሰማያዊውም አረንጓዴውም ሲጠፋ የሚቀርህ ጥላው ብቻ ነው። ጥላው ካማረ ቀለሙ ምንም አልሸፈነም ማለት ነው። ካላማረ ሰውየው ያለህ ትክክል ነው፤ በዚህ ላይ የምትከራከረው ነገር አይኖርም።

ከዚህ የበለጠ የማምነው ግን የላከሩን ነጸብራቅ ነው። አንጸባራቂ ሽፋን የኩርባን እንከን ያጋልጣል እንጂ አይደብቅም። ገበታውን ረጅም የፍሎረሰንት አምፖል ሥር ያዘውና በቀስታ አዙረው። የአምፖሉ መስመር ከከንፈሩ እስከ እግሩ ሳይሰበር ከተለጠጠ ኩርባው አንድ ነው። አንድ ቦታ ላይ ድንገት ከሰፋ ወይም ከተሰበረ እዚያ ጠፍጣፋ ቦታ አለ። ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከእግሩ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው፤ ጎጁ (መቅረጫው ስለት) ከሆዱ ኩርባ ወደ እግሩ ሲዞር ያዢው ሰው አቅጣጫ የሚቀይርበት ቦታ ስለሆነ።

ስለ እግሩ ስፋት ሌላ የምልህ አለ። ብዙ ሠሪዎች የሚነሱበት ልክ ከወርዱ ሲሶ ገደማ ነው። ሕግ አይደለም፣ መነሻ ነው። ያንተ 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ እግሩ 10 አካባቢ ማለት ነው። ለካው። ልኩ እዚያው አካባቢ ሆኖ ካገኘኸው፣ ሰውየው ያየው ስፋት ሳይሆን ክብደት ሊሆን ይችላል። ጠቆር ያለ ቀለም ለዓይን ይከብዳል። ከሁሉም የጠቆረውን ሰማያዊ እግሩ ላይ ካደረግከው ገበታው መሬት ላይ ተጎልቶ ይታያል። ያኔ መፍትሔው እግሩን ማጥበብ ላይሆን ይችላል፤ ሽግግሩን መገልበጥ፣ ወይም ከእግሩ በላይ ስስ ጥላ የሚጥል ቦይ መቁረጥ ሊበቃ ይችላል። ጥሩ ሐያሲ አንድ ነገር እንደረበሸው ሲናገር አምነዋለሁ። የረበሸውን ነገር ምክንያት ሲናገር ግን ራሴ እፈትሻለሁ። ሥራውን የሠራሁት እኔ ነኝና ከቀለሙ በፊት ምን እንደሚመስል የማውቀው እኔ ነኝ።

ወደ ማሰሮው ስመጣ፣ ወንድማችን ወንዛ ቤት የጠቀሳቸው ሰዎች ትልቅ ናቸው፤ ስቶክስዴልን እኔም እወደዋለሁ። ታሪኩ ግን እነሱ ጋ አላበቃም። ሜሪል ሴይላን ካሊፎርኒያ ላይ በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ገበታዎቿንና ትሪዎቿን በቀለም ስትሠራ ይኸው ጥያቄ ነበር የቀረበላት። ጃይልስ ጊልሰን የመኪና ላከርና ኤርብራሽ (ቀለም በአየር የሚረጭ መሣሪያ) ወደ ቶርኖ ሥራ አመጣ። ካናዳ ያለው ማይክል ሆሳሉክ በቀለምና በቀልደኛ ቅርጽ ይታወቃል። ሳይጎን ተወልዶ ከቬትናም በጀልባ ያመለጠው ቢን ፎ ደግሞ በቶርኖ የተሠራውን ስስ ግድግዳ እየበሳና በኤርብራሽ እየሣለ የራሱን የስደት ታሪክ ተረከበት፤ እስከ ዕረፍቱ እስከ 2017 (እ.ኤ.አ.) ድረስ። እሱ እንጨቱን ብዙ ጊዜ ከሞላ ጎደል ሸፍኖታል። ይሁንና ለምን ከሸክላ አልሠራኸውም የሚለው ሰው ጥቂት ነበር፤ ምክንያቱም ያን ያህል የሳሳና እንደ ዳንቴል የተበሳ ግድግዳ ያስገኘለት እንጨቱ ነበር።

መልስህ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ያንተ ማሰሮ ከእንጨት መሆኑ ምን አስገኘለት? ለዚህ የምትሰጠው መልስ ካለ ጻፈው። ከሌለህ ጥያቄው ለሚቀጥለው ሥራ ይጠቅምሃል።

ወንዛ_ቤት (አዲስ አበባ)

እትዬ፣ የቢን ፎን ሥራ በፎቶ አይቻለሁ፤ እሱ ላይ አልከራከርም። የእኔ ፍርሃት ሌላ ነው። ለእያንዳንዱ ቢን ፎ ስንት ሰው በቀለም ተደብቋል? ሐያሲው ያንን ነው የሚያየው።

እትዬ_ሜፕል (ሲያትል)

እንከንን በቀለም መደበቅ የሚቻለው እንጨቱ ላይ በሚቀመጥ ቀለም ነው። ዳይ ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ዳይ አሟሚው ውስጥ ሟሙቶ ወደ እንጨቱ ስለሚሰርግ፣ የተነጨው ቦታ ከሌላው አብልጦ ይጠጣውና ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይወጣል። በ180 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት የቀረ ጭረት ሳይቀለም ላይታይ ይችላል፤ ሰማያዊ ሲነካው ግን ከሩቅ ይነበባል። ሜፕልን በዳይ አጥርቶ ያቀለመ ሰው ከዘይት ተቀቢው በላይ አለስልሶታል ማለት ነው። በገበታው ላይ ሁለት ፊት ለፊት ያሉ ጎኖች የተቆረጠው የእንጨት ጫፍ የሚወጣባቸው ናቸው፤ እነሱ ብዙ ስለሚጠጡ እስከ 400 ወይም ከዚያ በላይ ካልታሹ ገበታው ሁለት ጠቆር ያሉ ጉንጮች ይዞ ይቀራል።

ሰማያዊ ገበታ፣ ባለሙያው ስለዚህ ምንም ካላለህ፣ ያላለውንም ልብ በል። አገላብጦ ሲያይ አጨራረሱን አልነቀፈም።

የቀለም_ኬሚስት (ፍራንክፈርት)

ሥራዬ ማቅለሚያዎች ላይ ስለሆነ ስለ መልቀቅ ልናገር። ሐያሲው ያለው መሠረት አለው፤ ግን የሁሉም ሰማያዊ ዕጣ አንድ አይደለም። የዳይ ሞለኪውል ብቻውን ተበትኖ ስለሚቀመጥ ብርሃን በቀላሉ ይሰብረዋል። ፒግመንት ግን የብዙ ሞለኪውሎች ጥርቅም ስለሆነ ውጪው ቢጎዳም ውስጡ ይቆያል። ከዳዮቹ መካከልም ከብረት ጋር የተጣመሩት ከተራዎቹ የአኒሊን ዳዮች ይልቅ ብርሃን ይቋቋማሉ። ስለዚህ መጀመሪያ የገዛኸው ጠርሙስ ላይ ምን እንደተጻፈ እየው።

ከዚያ ፈትነው። ከዚያው ሜፕል ቁራጭ ወስደህ በዚያው ዳይና በዚያው ላከር ጨርሰው፤ ግማሹን በአሉሚኒየም ወረቀት ጠቅልለህ ወደ ደቡብ በሚያይ መስኮት ላይ ተወው። አጠገቡ የመለኪያ ሱፍ ብታስቀምጥ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው፤ ከ1 እስከ 8 ደረጃ ያላቸው ሰማያዊ የሱፍ ናሙናዎች ናቸው፣ 1 ቶሎ የሚለቅ፣ 8 የሚጸና። ሙዚየሞች ብርሃን የሚጎዳቸውን ነገሮች ከ50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ) በማይበልጥ ብርሃን ነው የሚያሳዩት። የሳሎን መስኮት አጠገብ በቀን ከዚያ በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ፣ ለገዢ የምትነግረውም ነገር ይኖርሃል።

አንድ ነገር ልጨምር። በዘይት ወይም በዘይት ቫርኒሽ ብትሸፍነው ኖሮ ሽፋኑ ሲቆይ ቢጫ እየሆነ ሰማያዊውን ወደ አረንጓዴ ይስበው ነበር። ሰው ያንን አይቶ ዳዩ ለቀቀ ይላል። ላከርህ የማይበጫ ዓይነት ከሆነ ከዚህ ድነሃል። ዳይህ በአልኮል የሚሟሟ ከሆነ ደግሞ በላዩ ሼላክ (በአልኮል የሚሟሟ ቫርኒሽ) በብሩሽ እንዳትነካው፤ አልኮሉ ያነሳውና ይደባለቅብሃል።

ጄሶና_ቅጠል (ሚኒያፖሊስ)

እኔ ስለ ማሰሮው ነው የምጽፈው፤ ምክንያቱም ጥያቄው በደንብ አልተመለሰም። «እንጨቱ ካልታየ ለምን እንጨት» የሚለው የሚያስኬደው የእንጨት ሥራ ታሪክን ካለፉት መቶ ዓመታት ብቻ ከጀመርነው ነው። ቶርኖና ቀለም አብረው የኖሩ ናቸው። ሕንድ ካርናታካ ውስጥ ቻናፓትና የሚባል ከተማ አለ፤ እዚያ ባለቀለም የላክ (ሙጫ መሰል ነገር) ዱላ በሚሽከረከረው እንጨት ላይ ይጫኑታል፣ ሰበቃው የሚፈጥረው ሙቀት ላኩን አቅልጦ ይለጥፈዋል፣ ከዚያ በቅጠል ይወለውሉታል። ቀለሙ የሚቀባው እዚያው ቶርኖው ላይ ነው። በሰሜን ጃፓን ኮኬሺ የሚባሉት አሻንጉሊቶች ቀለበቶቻቸው ሲሽከረከሩ በብሩሽ ይሣላሉ። ሩሲያ ውስጥ የሆህሎማ ሳህኖች ወርቅ ይመስላሉ፤ ወርቅ ግን የለባቸውም፣ የቆርቆሮ ወይም የአሉሚኒየም ዱቄት ተቀብቶ በላዩ ያለው ቫርኒሽ ምድጃ ውስጥ ሲሞቅ ነው የሚወረቀው። በእነዚህ ቦታዎች ማንም ለምን ከእንጨት ብሎ አይጠይቅም። እንጨቱ ይቀላል፣ ሲወድቅ አይሰበርም፣ ቶርኖው በአንድ ቀን ብዙ ያወጣል።

የእኛስ? ፍሬ ጽዮን በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የሣላቸው ሥዕሎች የተሣሉት በጄሶ በተለበጠ ሳንቃ ላይ ነው። ሳንቃው አይታይም። ሆኖም ሥዕሉን የሚሸከመው፣ ከቦታ ቦታ እንዲወሰድ፣ ተንጠልጥሎም እንዲታይ ያስቻለው እሱ ነው። አንተ ያደረግኸው ሳንቃውን ክብ ማድረግ ነው። ይህንን ለሰውየው ብትነግረው ደስ የሚለው ይመስለኛል፤ አሜሪካዊ ባለሙያ ይህን ታሪክ ላያውቀው ይችላልና። የነገረህን አቋም ለመርታት ሳይሆን፣ አንተ ከየት እንደመጣህ ሲያውቅ ሥራውን እንደገና ያየዋል።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጄሶው ሲሰነጠቅ አላየህም? ሳንቃ በአንድ አቅጣጫ ነው የሚላወሰው፤ በቶርኖ የወጣ ማሰሮ ግን እርጥበት ሲጨምርና ሲቀንስ ከክብነት ወደ ሞላላነት ይሄዳል። ሐያሲው ይህን አላነሳም፤ እኔ ብሆን ከሁሉም በፊት ይህን ነበር የምጠይቅህ።

ሰማያዊ_ገበታ (ቨርጂኒያ)

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። እትዬ፣ ያሉኝን አደረግሁ። በጥቁርና ነጭ ፎቶው ሆዱ ያምራል። የአምፖሉ ነጸብራቅ ግን ከእግሩ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይሰፋል፤ ሁሌም እዚያው ቦታ ነው። እግሩን ለካሁት፣ 10 ተኩል ነው። ስለዚህ የመስመሩ ነገር ልክ ነው፤ ስፋቱ ግን እርስዎ እንዳሉት ከቀለሙ የመጣ ይመስላል።

ጄሶና ቅጠል፣ ማሰሮውን የሠራሁት ተቦርቡሮ ለወራት ከደረቀ እንጨት ነው፤ ከደረቀ በኋላ እንደገና ቶርኖ ላይ ወጥቶ ክብ ሆኗል። ጄሶውን በስስ በስሱ ደራርቤ ነው የቀባሁት። እስካሁን አልተሰነጠቀም፤ የክረምቱ ማሞቂያ ሲጀምር ግን እየተከታተልኩ አየዋለሁ። ለኬሚስቱም፣ ጠርሙሱ ላይ ከብረት ጋር የተጣመረ ዳይ እንደሆነ ተጽፏል፤ የሜፕል ቁራጩ መስኮት ላይ ወጥቷል።

በእንግሊዝኛ የምጽፍለት መልስ ይዘቱ ይህ ነው፤ እዩልኝ፦

«ሥራዎቼን በጥንቃቄ ስላዩልኝ አመሰግናለሁ። ገበታውን በነጸብራቅ ፈትሼ መስመሩ የሚሰበርበትን ቦታ አገኘሁት፤ ከእግሩ በላይ ነው። እግሩ ከወርዱ ሲሶ ስለሚጠጋ፣ ሰፍቶ የታየዎት ጥቁሩ ሰማያዊ ታች ስለሆነ ይሆን ብዬ እጠይቃለሁ። ሽግግሩን ገልብጬ ሁለተኛ ገበታ ልሠራ ነው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል። ስለ ማሰሮው፦ በአገሬ ሠዓሊዎች እንጨትን በጄሶ ለብጠው ሲሥሉ ኖረዋል፤ እንጨቱ ባይታይም ሥዕሉን የሚሸከመው እሱ ነው። ማሰሮው ያንን ልማድ ወደ ክብ ቅርጽ ለመውሰድ የተሠራ ነው። ይህን አውቀው ሲያዩት ቀለሙና ቅርጹ አብረው ይሄዳሉ ወይ? ቀለም በቶርኖ ሥራ ላይ እንደ ሁለተኛ ደረጃ መታየቱ ተገቢ አይመስለኝም።»

እትዬ_ሜፕል (ሲያትል)

ጎበዝ። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አውጣት። ሰውየው ቀለም ሁለተኛ ደረጃ ነው አላለህም፤ እሷን ሲያነብ ላላለው ነገር መከላከል ይጀምርና የጠየቅኸውን ይረሳል። «ይሆን ብዬ እጠይቃለሁ» የምትለውን ግን እንዳለች ተዋት፣ ጥሩ ናት።

ስለ ማሰሮው ያነሳኸው ጥያቄም ጥሩ ነው፤ አዎ ወይም አይ ብቻ የሚያስብል እንዳይሆን ግን «ትከሻው ላይ ያለው ጥቁር መስመር ቅርጹን ያግዘዋል ወይስ ይቆርጠዋል» ብለህ አንድ ቦታ ጠቁመው። ቦታ የተጠቆመለት ሐያሲ ይበልጥ ይነግርሃል።

ወንዛ_ቤት (አዲስ አበባ)

ስለ ፍሬ ጽዮን የተጻፈውን ሳነብ ሐሳቤ በከፊል ተነቃነቀ። ወንዛን ግን አሁንም አልቀባውም። ማሰሮው የተሠራበት እንጨት መልኩ የተለመደ ከሆነ፣ ለምሳሌ መስመር የሌለው ነጭ እንጨት፣ ጄሶው ምንም አልነጠቀም እላለሁ። ከምንድን ነው የሠራኸው?

ሰማያዊ_ገበታ (ቨርጂኒያ)

ከባስዉድ ነው፤ ነጭ፣ ለስላሳ፣ መስመር የሌለው ማለት ይቻላል። የመረጥኩትም ለዚሁ ነው። ይህንንም በደብዳቤው ላይ አንድ መስመር አድርጌ እጨምረዋለሁ። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አውጥቻለሁ፣ የትከሻውን መስመር ጥያቄም አስገብቻለሁ። ዛሬ ማታ እልክለታለሁ፤ ምላሹ ሲመጣ እዚሁ አሰፍረዋለሁ።

ጄሶና_ቅጠል (ሚኒያፖሊስ)

ስትልክ የማሰሮውን ፎቶ በጎን ብርሃን አንሳው፣ ጄሶው ላይ የብሩሽህ አሻራ እንዲታይ። ባለፈው ያየው በአዳራሽ መብራት ከሆነ እሱን ላያስተውለው ይችላል።